የወለተጊዮርጊስ መሐላ

«ልቅሶ ልደርስ መጣሁ እንጂ ልምል አልመጣሁም» አሉ አያ ምንዋጋው፣ የተዘገነላቸውን ንፍሮ ሳይቀምሱ። «የእሷን ያየ ሰው ይምላል እንዴ?»

«የእናቴ ቃል እውነት ነው ብለው ይማሉልኝ» ያለቻቸው ጥሩሐረግ ነበረች። ጥሩሐረግ እናቷን ወለተጊዮርጊስን ከቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ አልቅሳ አልቅሳ ድምፅዋ ተዘግቷል። አሁን የሚያንገበግባት ግን ሞቱ ብቻ አልነበረም። ከጀርባዋ ሴቶቹ ይንሾካሾካሉ። «በማለች በአሥራ አንደኛው ቀን! ምንም ሳያማት! ወንጌል እኮ ነው የጨበጠችው፣ ቀልድ መሰላችሁ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ በሰቆጣ አጠገብ ባለው ዝቋላ ውስጥ አባ ቤኔዴቶ የሚባሉ ፈረንጅ መነኩሴ ነበሩ፤ የካቶሊክ ፍራንቸስካዊ ሚስዮናዊ። ወገባቸውን በገመድ ስለሚታጠቁ አገሬው «ባለገመዱ አባ» ይላቸዋል። የወደቀ ሲያነሱ፣ የሞተ ሲቀብሩ ኖረው ካረፉ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ዘንድሮ ካቶሊኮቹ «ቅዱስ ይባሉ» ብለው ምስክር የሚሰሙ ሰዎች ወደ ሰቆጣ ላኩ። ወለተጊዮርጊስም ቀርባ፣ ወንጌል ጨብጣ፣ «ልጄ ጥሩሐረግ ሞታ ነበር፤ አባ ጸልየው አስነሡልኝ» አለች።

ወይ ጉድ! እዚህ አገር እኮ ሰው ለእውነትም አይምልም። መሬቱን ገፍተውት «ማልና ውሰድ» ሲሉት «ይቅርብኝ» ብሎ የሚሄድ አገር ነው። በሐሰት የማለ አርባ ቀን አይሞላውም፤ ዕዳው ለልጅ ልጅ ይተርፋል ይባላል። የጥሩሐረግ ልጅ ምህረት ደግሞ ዐረብ አገር ልትገባ ጀልባ ተሳፈረች ከተባለ አንድ ሳምንት ሆኗታል። ስልኳ አይጠራም።

እናቴ ትዋሻለች? ትል ነበር ጥሩሐረግ በልቧ። ያቺ እናት ከዓይኗ ነጥላት አታውቅም። ውሃ ስትቀዳ ትከተላታለች፤ እሷ ሳትጎርስ አትጎርስም። ልጇ የተዳረች ዕለት እንኳ የሙሽራዋን በቅሎ ልጓም ይዛ አልለቅም ብላ አገር ስቆባታል። እንዲህ የምትወድ እናት ወንጌል ጨብጣ አትዋሽም።

አያ ምንዋጋው ተነሥተው ሲወጡ ተከትላ ከድንኳኑ ጀርባ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«አያ፣ አፈር ስሆን! አብረዋት የተሰደዱ እርስዎ ብቻ ቀርተዋል። እውነቷን ነው ይበሉና የእነዚህን ሴቶች አፍ ይያዙልኝ። ልጄ ባሕር ላይ ናት!»

«ተነሽ። ባትሰሚው ይሻልሻል።»

«ከዚህ የባሰ ምን ልሰማ?»

ሽማግሌው ዱላቸውን ተደገፉ። «አልሞትሽም ነበር» አሉ።

«እና?»

«ጥላሽ ነው የሄደች። ወንድምሽን ካሤን አዝላለች፤ አንቺ የሦስት ዓመት ልጅ፣ እግርሽ አልሄድ ብሏል። ሁለት መሸከም አልቻለችም። እኔም አይቼ ዝም አልኩ፤ ራሴን መሸከም አቅቶኝ ነበር። በማግስቱ አባ ቤኔዴቶ አንቺን ተሸክመው ደረሱብን። ‹ልጅሽ ናት› ብለው ሰጧት። ሌላ ቃል አልወጣቸውም፤ እስኪሞቱም ለማንም አልተነፈሱ። ካሤም ቢሆን አልተረፈላትም፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ።»

«ታዲያ ለምን ማለች?»

«ምን ብላ ትማል? ‹ልጄን ጥያት ሄጄ› ብላ? የአባን ውለታ ሳትመልስ መሞት አልፈለገችም። ያንን ማውጣት ግን አፏ እምቢ አላት።»

ጥሩሐረግ መጮህ ፈለገች፤ ድምፅ አልነበራትም። ጣለችኝ! እናቴ ጣለችኝ! አርባ ዓመት ሙሉ ፍቅር ነው ያለችው ሁሉ እሬት እሬት አላት።

ወደ ድንኳኑ ስትመለስ ኤደን፣ ምስክርነቱን የጻፈችው የአዲስ አበባ ልጅ፣ ለማጽናናት መጥታ ጥግ ተቀምጣለች።

«ደብተርሽን አውጪ» አለቻት ጥሩሐረግ። «እናቴ የማለችው እውነት አይደለም። አልሞትኩም ነበር። መንገድ ላይ ጥላኝ ሄዳ ነው አባ ያነሱኝ።»

«ጥሩሐረግ!» አሉ የንስሐ አባቷ ቄስ ይሄይስ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው። «ሙት ወቃሽ አትሁኚ!»

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፣ አባቴ። ግን ሐሰቱ ምህረቴ ላይ አይደር።»

ኤደን እስክሪብቶውን ይዛ አመነታች። «እትዬ፣ ይህ ከተጻፈ ተአምሩ ይሰረዛል። የአባ ቤኔዴቶ ቅድስና ጉዳይም ምናልባት በዚሁ ያበቃል።»

«ተሸክመውኛል። ከዚህ በላይ ምን ያድርጉ?»

ኤደን ጻፈች። አንዲት ሴት «አይ ወለተጊዮርጊስ፣ ይህን ችላ ኖረች!» ብላ ስቅስቅ አለች፤ ሌሎቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አንድ በአንድ ወጡ። ጥሩሐረግ የምህረትን ስልክ ደወለች። አይጠራም።

በሣልስቱ ጸሎት ቤተክርስቲያን የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ጸሎቱ አልቆ ሁሉም ሲበተን አያ ምንዋጋው ከጥሩሐረግ ጋር መቃብሩ አጠገብ ቀሩ።

«አንድ ያልነገርኩሽ አለ» አሉ። «የቁርቁራ ዛፍ ጥላ ሥር ነው ያስቀመጠችሽ። ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችሽና ትከሻዋን ፀሐይ እየበላው ሄደች። ሌላ ልብስ አልነበራትም።»

ጥሩሐረግ ወገቧ ላይ ያሸረጠችውን ነጠላ ፈታችና አዲሱ አፈር ላይ፣ በራስጌው በኩል ዘረጋችው። ነፋስ እንዳይወስደው ጫፍ ጫፉን በድንጋይ ያዘችው።