አንዳርጌ በግድግዳው ላይ

ጥቅምት ፲፩ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ከቀትር በኋላ፣ በመካነ ኢየሱስ በእትዬ ይታይሽ ቤት የነበርነው አራት ነን፤ እሳቸው፣ የነፍስ አባታቸው መምሬ ሞላ፣ ጎረቤታቸው ቦጋለችና እኔ። በማግስቱ የልጃቸው የአንዳርጌ ተዝካር ነበር። አንዳርጌ ሑመራ ለጥጥ ለቀማ ወርዶ በንዳድ ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። እናቱ የሚያለቅሱበት መቃብር አልነበራቸውም።

የነበራቸው አንድ ፎቶግራፍ ነው። ደብረ ታቦር የተነሡት ነው፤ አባት፣ እናት፣ አንዳርጌና ታናሽ እኅቱ። እኔ ለነጋዴው ለአቶ ታሂር ጆንያ ላይ ስም አትማለሁ። ፊደሉን ከካርቶን በምላጭ ቆርጬ አወጣና በቀዳዳው ጥቁር ቀለም እቀባለሁ። ፎቶግራፉን ባየሁ ቀን ፊትም እንደ ፊደል ሊቆረጥ እንደሚችል ገባኝ። ይህን ለእትዬ ይታይሽ ለመናገር ሳምንት ፈጀብኝ። ሲሰሙ ግንባሬን ሳሙኝ።

"ሰው ሲገባ ልጄ ግድግዳው ላይ ሆኖ ይቀበለው" አሉ።

ፊቱን ቆርጬ ያወጣሁበትን ካርቶን ግድግዳው ላይ ሳስደግፍ ቦጋለች፣ "ጓዴ፣ እሱንም እንደ ገብስ በአህያ ልታስጭነው ነው?" አለችኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እትዬ ይታይሽም ጭምር።

ቀለሙን ቀብቼ ካርቶኑን ሳነሣ ሳቁ ቆመ። ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ አገጩ ራሱ አንዳርጌ ነው።

"ሌላው ዓይኑስ?" አሉ እናቱ።

"ፎቶግራፉ ላይም አንድ ነው፣ እትዬ። ዞር ብሎ ነበር።"

"እኅቱ ስታለቅስ ሊያባብላት ነው የዞረው። እኔ አውቃለሁ። ነገ የሚመጣው ሰው ያውቃል?"

ቦጋለች አማተበች። "በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ባለ አንድ ዓይን ተደርጎ የሚሳለው ማን ነው? ሰይጣንና ሲኦል የሚወርድ አይደለም?"

"ዝም በይ አንቺ!" አሉ መምሬ ሞላ። "ይህ የሰው ቤት ነው።" ግን እሳቸውም ቀና ብለው አላዩትም።

"ሁለተኛውን ልጨምርለት" አልሁ።

"የማንን ዓይን፣ ከየት አምጥተህ፣ ልጄ?"

ለምን እንደዞረ እንዲታይ እኅቱን አጠገቡ ልቁረጥ ብል ሥራው ቀናት ይፈጃል፤ ተዝካሩ ነገ ነው። ምላጩን እንደያዝሁ ቆምሁ። እትዬ ይታይሽ ወደ ግድግዳው ተጠግተው ፊቱን በመዳፋቸው ሸፈኑት፤ ቀለሙ አልደረቀም ነበርና እጃቸው ጠቆረ።

"ከኩነኔ ወገን አታስቈጥሩብኝ" አሉ። ለማን እንደሆነ አላወቅሁም።

ጀንበር ሳትጠልቅ ቦጋለች ጭቃ አቡክታ መጣችና ግድግዳውን መረገችው። በማግስቱ ተዝካሩ ወጣ።