የማያርፍ እግር

ኅዳር 18 ቀን 1999 ዓ.ም. ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንዳላማው ደጃፉ ላይ ተንበርክኮ የሚስቱን ዱካ ይቆጥር ነበር። ማታ ሳታየው በደፉና በአጥሩ በር ላይ አመድ ነስንሶ ነው የተኛው። በደፉ ሰባት ጊዜ ወጥታ ገብታለች። የአጥሩ በር አመድ ግን አልተነካም። ይህ ሊያጽናናው ሲገባ ባሰበት።

“አጥር መዝለልም ጀመርሽ?”

ወለላ ወገቧን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። “በዚህ ወገብ? እንኳን አጥር ቦይ መሻገር አቅቶኛል።”

“ታዲያ ሌሊት ምን ፍለጋ ነው?”

“ጋደም ስል እግሬን ጉንዳን ይወረዋል፤ ስንቀሳቀስ ይተወኛል። ስንቴ ልንገርህ?”

“ሲተኙ ይዞ ሲሄዱ የሚለቅ በሽታ የት አገር አለ? ዛሬ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ይይሽ። የለም ካለ ሽማግሌ ጠርቼ እፈታሻለሁ።”

ክሊኒኩ ውስጥ ውጭ ጠብቅ ቢባል እንቢ አለ። ሲስተር ፍቅርአዲስ የወለላን የዓይን ቆብ ገልብጣ አየች፤ ደሟንም አስመረመረች።

“እግርዎ የሚብስብዎ ሲሠሩ ነው ሲያርፉ?”

“ሳርፍ።”

“ወገብዎስ?”

“እሱማ የመጨረሻ ልጄን ከወለድሁ ወዲህ ነው። አሥራ አንድ ዓመቱ።”

ሲስተሯ ወደ ባልየው ዞረች። “ደማቸው አንሷል። እግር አላሳርፍ የሚል ሕመም አለ፤ እንደ እሳቸው የቆየ ሕመም ያለባቸውን ብዙ ሴቶች ይይዛል። ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅልፍ ማጣቱ ደግሞ ሕመሙን ያብሰዋል።”

እንዳላማው ትክ ብሎ አያት። “ተነጋግራችሁ ነው? የማን ልጅ ነሽ?”

“የቢቸና ልጅ ነኝ አባቴ። እሳቸውን ዛሬ ገና ማየቴ ነው” አለችና የደም ማነሱን ኪኒን ለወለላ ሰጠቻት።

ወደ ሉማሜ በሚሄደው አውቶቡስ እሱ ተቀመጠ፤ እሷ መቀመጥ ስላልቻለች ብረቱን ይዛ ቆመች። ሰፈራቸው ሊደርሱ ሲሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“እሺ፣ ስለ እግርሽ አምኛለሁ። ጎተራው ጥግ ስትደርሺ ግን ለምን ትቆሚያለሽ?”

“ታየኝ ነበር?”

“አመዱን ሳላስብ በፊት ሦስት ሌሊት በግድግዳው ቀዳዳ ጠብቄሻለሁ።”

“ቆሜ ምን ሳደርግ አየህ?”

“ስታለቅሺ።” ቀና ብሎ አያት። “ለማን ነበር የምታለቅሺው?”

አውቶቡሱ ቆሞ እሱ ወረደ።

“ውረጂ እንጂ!”

“እኔ ሉማሜ እህቴ ዘንድ ነኝ” አለችና ሾፌሩን “ሂድ ወንድሜ” አለችው።

ኪኒኑን ስትጨርስ እንቅልፏ ተሻሻለ፤ ወገቧ ግን አልተዋትም። ከእህቷ ከአይናዲስ ጋር አምስት ዓመት ከመንፈቅ ኖራ በ2004 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አረፈች። እንዳላማው ለቀብር መጣ። ከግብአተ መሬቱ በኋላ አይናዲስን ለብቻዋ ጠርቶ፣ በመጨረሻው ሰሞን ማን ማን ይጠይቃት እንደነበር ጠየቃት።