አራሷና የዕቃ ቤቱ ቁልፍ

መነጽር መሥሪያው ውስጥ ሁሉም "አራሷ" ይሏታል። ልጇ አራት ወር ከሞላው በኋላም ስሙ አልለቀቃትም። ሥራዋ ሌንስ መቁረጥ ነው፤ ጠርዙን በማሽን ሞርዳ ልክክ አድርጋ ፍሬሙ ውስጥ ታስገባለች። ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ ወተቷን የምታልብበት ቦታ ብታጣ ኃላፊዋ ዕቃ ቤቱን ፈቀዱላት። መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ናት፤ በሯ ግን ይቆለፋል። በአንድ በኩል የፍሬም ካርቶን እስከ ጣራ ተደርድሯል፣ በሌላው በኩል አንድ ወንበርና አንድ ሶኬት አለ።

ቁልፉ የሚቀመጠው ዕቃ ቤት ጠባቂው ዘንድ ነው። "ጋሽ ቆጣሪ" ነው የሚሏቸው፤ ዕቃ ሳይቆጥሩ ምሳ አይቀምሱም እየተባለ ይቀለድባቸዋል። ቁልፍ ሲወጣም ሲገባም ሰዓቱን ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ።

ሽያጭ ላይ የምትሠራ አንዲት ጓደኛ አለቻት፤ ፊቷ ስለማይጨልም "ሳቂታ" ይሏታል። አራሷ ወተቷን አልባ ከዕቃ ቤት ስትወጣ ሳቂታ በር ላይ ትጠብቃታለች።

"ጨረስሽ? ቁልፉን ወዲህ በይ፣ እኔ ለጋሼ አደርስልሻለሁ። አንቺ ጠርሙስሽን እጠቢ፤ ሥራሽ ተቆልሎልሻል።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ እህት" ብላ ወደ ቧንቧው ትሮጣለች።

በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ ቆጣሪ ቢቆጥሩ ሰባት ፍሬም ጎደለ፤ እነዚያ ቀለል ያሉት፣ ውዶቹ። ከአራሷ ኃላፊ በቀር ለማንም አልተናገሩም። ወሬ ግን እግር አለው። አራሷ ምሳ ልትበላ ስትቀመጥ ጨዋታ የሚቋረጥ፣ ስትነሳ የሚቀጥል መሰላት። "ምናልባት እኔ ነኝ እንዲህ የማስበው" አለች። ማታ ስትወጣ ግን የበሩ ጥበቃ፣ የአባቷ እኩያ የሆኑ ሰው፣ አስቆሟት።

"ልጄ፣ አትቀየሚኝ፤ ታዝዤ ነው። ቦርሳሽን ክፈቺልኝ።"

ከፈተችው። በረዶ፣ የጡት ማለቢያው፣ ሁለት ጠርሙስ ወተት። ሽማግሌው ጠርሙሶቹን ሲያዩ ዓይናቸውን መለሱ። ከኋላዋ ግን ሰልፍ ላይ ከነበሩት አንዱ "በጡት ስም ስንቱ ይወጣል" ሲል ሰማች። ማን እንደሆነ ለማየት ዞር አላለችም፤ ብትዞር ሁሉም የተናገሩ ይመስላት ነበር።

በማግስቱ ቁልፍ ልትጠይቅ ስትሄድ ጋሽ ቆጣሪ መጀመሪያ ቦርሳውን፣ ቀጥሎ ሰዓታቸውን አዩ።

"ቦርሳው እዚህ ቢቀመጥስ?"

"ማለቢያው እኮ ውስጡ ነው፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው በሩ ገርበብ ብሎ ይሁን።"

"ተዉት፣ በቃ" ብላ ተመለሰች።

ያን ቀን አላለበችም፤ በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም። ጡቷ ሲያጋት ጨርቅ አጥፋ ትጠቀጥቅበታለች። ሸሚዟ ሲረጥብ ካፖርት ትደርባለች። በሦስተኛው ቀን ማታ ቀኝ ጡቷ ላይ፣ በብብቷ በኩል፣ የዕንቁላል አስኳል የሚያህል ነገር ጠጥሮ አገኘችው። ቦታው ቀልቷል፤ ልብስ ሲነካው እንኳን እንደ መርፌ ይወጋታል። ልጁ ይጎትታል፣ ወተቱ እንደ ልቡ አልወርድ ሲለው ለቅቆ ያለቅሳል።

ልጁን የምትጠብቅላት አክስቷ ናት። "ይሄማ ተቋጥሮ ነው፤ ካልታሸ አይፈታም" ብላ እጇን ሰብስባ ገባችበት። አራሷ ጩኸቷን አቀለጠችው። ሲነጋ ትኩሳት አንቀጠቀጣት፤ ጤና ጣቢያ ሄዱ።

ነርሷ አየችና ፊቷ ተኮሳተረ። "ማነው እንዲህ ያሸው?"

"እኔ ነኝ" አለች አክስት። "እንዲፈታ ብዬ።"

"እናቴ፣ ጡት እኮ ሊጥ አይደለም!"

አክስት መጀመሪያ ልትቆጣ ነበር፤ ሳቋ አሸነፋት። ነርሷ ወደ አራሷ ዞራ፣ "ወተቱ መውጫ አጥቶ ነው" አለቻት። "ማጥባቱን እንዳታቋርጪ። ልጁ በፈለገ ጊዜ ስጪው፤ ከዚያ በቀዝቃዛ ጨርቅ ያዢው። ብትነኪውም ቅባት እንደምትቀቢ ያህል ብቻ፣ ቀስ አድርገሽ። ኪኒኑን ውሰጂ፤ ትኩሳቱ እስከ ነገ ካልወረደ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ተመለሺ። ሥራ ቦታ በየስንት ሰዓቱ ነው የምታልቢው?"

"ሦስት ቀን አላለብኩም።"

"ለምን?"

"ሌባ ብለውኝ" አለች። ይህን ቃል ከአፏ ስታወጣው የመጀመሪያዋ ነበር፤ ተከትሎት እንባዋ መጣ።

ሦስት ቀን ፈቃድ ተሰጣት። በማግስቱ ትኩሳቱ ወረደ፤ በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ሟሸሸ። ያን ቀን ሳቂታ ደወለች።

"እንዴት ነሽ፣ የኔ ቆንጆ? ስንት ቀን ሙሉ ሳስብሽ! ብቻ ሰዉ… አንቺ ከቀረሽ ወዲህ አንድም ዕቃ አልጠፋም እያለ ያወራል። እኔ አላመንኩም፤ ባምን አልነግርሽም።"

ስልኩን ዘግታ ነገሩን ለአክስቷ አጫወተቻት።

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል" አለች አክስት ልጁን እያስገሳች። "ቁልፉን ካንቺ እጅ ወደ ሽማግሌው እጅ ማነው የሚያደርሰው?"

አራሷን ሥራ ቦታ ስቃ የምታናግራት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እሷን መጠርጠር ነውር መሰላት። ደግሞም ጥርጣሬዋ ራሱ ትኩሳቱ የፈጠረው እንዳይሆን ፈራች። ቢሆንም ተነስታ የማቀዝቀዣውን የበረዶ ክፍል ከፈተች። ያስቀመጠችው ወተት ሁሉ ላይ ያለበችበት ቀንና የጨረሰችበት ሰዓት በወረቀት ተለጥፏል። አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፈችው።

በማግስቱ ማሽኗን ሳትነካ ኃላፊዋ ቢሮ ገባች። ጋሽ ቆጣሪ ከነደብተራቸው ተጠሩ።

"ሰኞ" አለች ከወረቀቷ እያነበበች። "አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሻለሁ።"

ጋሽ ቆጣሪ ገጹን ገለጡ። "ቁልፍ የተመለሰው… ለአምስት አሥር ጉዳይ።"

"ረቡዕም አራት ተኩል።"

"አምስት ሰዓት።" ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ዕቃ ቤቱ ከእኔ ጠረጴዛ አሥር እርምጃ አይሞላም" አሉ ቀስ ብለው።

"ከእጄ ተቀብላ የምትመልሰው ሳቂታ ናት፣ ጋሼ። ሰርቃለች አላልኩም። የት እንደምትቆይ ይጠየቅልኝ ነው የምለው።"

ሳቂታ እየሳቀች ገባች። ሲጠይቋት አንዴ ስልክ፣ አንዴ ሽንት ቤት አለች። ኃላፊዋ የዕቃ ሳጥንሽን ክፈቺ አሏት፤ በሻሽ የተጠቀለሉ አምስት ፍሬሞች ተገኙ። ሁለቱ የት እንደደረሱ አልተናገረችም። ኃላፊዋን ትታ አራሷን ነበር የምታየው።

"አራስን ማን ይነካል ብዬ ነው" አለቻት። "አንቺን ዝም የሚሉሽ መስሎኝ።"

ያንኑ ቀን ከሥራ ተሰናበተች።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ቆጣሪ አራሷ ማሽን አጠገብ መጥተው ቆሙ። ሰው እየሰማ፣ "በድዬሻለሁ፣ ልጄ" አሉ። አንገታቸውን አቀርቅረው የዕቃ ቤቱን ትርፍ ቁልፍ ዘረጉላት። አራሷ ጎንበስ ብላ እጃቸውን መለሰች።

"ይቅር ለእግዜር፣ ጋሼ። ቁልፉ ግን እርስዎ ጋ ይሁን። ሲወጣም ሲገባም ይጻፉት፤ ከእጄም ራስዎ ይቀበሉኝ።"

ወር ካለፈ በኋላ ጽዳት ላይ የምትሠራ ወጣት እናት ከወሊድ ተመለሰች። ሸሚዟ ፊት ለፊቱ ረጥቦ፣ እያፈረች፣ "እኔም እዚያ ክፍል ማለብ እችል ይሆን?" ብላ ጠየቀቻት።

አራሷ "ምን ችግር አለው" ልትል ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። "ቁልፉን ተቀብላ የምትመልስልሽ ሰው አለች?"

"ኧረ ማንም የለኝ" አለች ልጅቱ ግራ ገብቷት።

አራሷ በገዛ ድምጿ ውስጥ የሰማችው ጥርጣሬ አሳፈራት። ወንበሩን ወደ ሶኬቱ አስጠግታ አስቀመጠቻት፤ በሩን ከውጭ ዘግታ፣ እስክትጨርስ እዚያው ቆመች።