አቻ ይበቃናል

ልብስ ያዡ ማሊያዎቹን በየመንጠቆው እየሰቀለ፣ «እስቲ አንድ ጊዜ ደግመሽ አስረጂኝ፤ ምን ቸገረሽ» አላት።

ሲያስረዱት ሦስተኛው መሆኑ ነው። ጸሐፊዋ ግን አልሰለቻትም፤ ማስረዳት ነፍሷ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሴቶች ብሔራዊ ቡድኑን ደብዳቤ የጻፈች፣ ፓስፖርት የሰበሰበች፣ የውድድር ደንብ ያነበበች እሷ ናት። ተጫዋቾቹ «እመት ደንቡ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ሊያሾፉባት ነበር፤ እሷ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለችው።

«ስማ። ላይኛው ሊግ አሥራ ስድስት አገር ነው። ከሱ ሥር ሁለተኛ ሊግ አለ፣ ከዚያ ሥር ሦስተኛ። እኛ ላይ ነን። ላይ መሆናችንን ያዝልኝ።»

«ያዝኩ።»

«አሥራ ስድስቱን እንደየጥንካሬያቸው በአራት ቋት ይከፍሏቸዋል። ከየቋቱ አንድ አንድ በእጣ እየወጣ አራት ምድብ ይሆናል፤ በየምድቡ አራት ቡድን። ከሦስቱ ጋር በሜዳህ አንዴ፣ በሜዳቸው አንዴ ትጫወታለህ። ስንት ሆነ?»

«ስድስት።»

«ጎበዝ። አንደኛ የወጣ ለዋንጫው ግማሽ ፍጻሜ ያልፋል። ሁለተኛው ባለበት ይቆያል። አራተኛው ያለ ምንም ንግግር ይወርዳል። ሦስተኛው ደግሞ ከታችኛው ሊግ ሁለተኛ ከወጣው ጋር ደርሶ መልስ ይጫወትና ያሸነፈ ላይ ይቀመጣል።»

«ቆይ፣ ሦስተኛ የወጣው እንደገና የሚጫወተው ምን አጥፍቶ ነው?»

«ሦስተኛ ወጥቶ።»

ልብስ ያዡ ጭንቅላቱን አከከ። እውነት ለመናገር ነገሩ ያልተምታታበት ሰው የለም። ማን እንደፈለሰፈው እንጃ! ድሮ ኳስ ማለት አገባህ አሸነፍክ፣ ገባብህ ተሸነፍክ ነበር። አሁን ግን ሰው ተሸንፎ የሚያልፍበት፣ አሸንፎ የሚወርድበት ስሌት መጥቶ፣ ተጫዋቹ ከሜዳ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ሆንን?» ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ የሚመልስ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«እሺ፣ ሁለት ቡድን እኩል ነጥብ ይዘው ቢጨርሱስ?» አላት ልብስ ያዡ።

ጸሐፊዋ ግድግዳው ላይ የለጠፈችውን ትልቅ ወረቀት በጣቷ መታ መታ አደረገችው። «የግብ ክፍያ። ያገባኸው ሲቀነስ የገባብህ። ተጽፎልሃል እኮ።»

ወረቀቱ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ጸሐፊዋ ለእያንዳንዱ ውድድር እንዲህ ያለ ወረቀት በእጇ ታዘጋጅና በመልበሻ ክፍሉ በር አጠገብ ትለጥፋለች። ላይኛው ግማሽ ላይ ምድቡ፣ ቀኑና ሜዳው ይጻፋል። ታችኛው ግማሽ ላይ ደንቡ። የደንቡን ክፍል ከአራት ዓመት በፊት ለማጣሪያ ውድድር ስትጽፈው በሁለት ቀለም፣ መስመሩን አስምራ፣ ፊደሉን አሳምራ ነበርና መጣል አሳዘናት። ስለዚህ አዲስ ውድድር በመጣ ቁጥር የድሮውን ወረቀት ወገቡ ላይ በመቀስ ትቆርጥና አዲሱን ላይኛ ግማሽ በፕላስተር ታጣብቅበታለች። አሰልጣኙም፣ ልጆቹም፣ እሷ ራሷም የሚያነቡት እሱን ነው። ከአዘጋጆቹ የመጣውን የደንብ መጽሐፍ ከእሷ በቀር ማንም ገልጦት አያውቅም። ሰባ አራት ገጽ ነው፤ ጸሐፊዋ ስለ ቀኑና ስለ ሆቴሉ የሚለውን እስከ ገጽ ሠላሳ አንብባ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች። የቀረውን ምን ታደርገዋለች? ታውቀው የለ እንዴ።

አሰልጣኙ ብቅ አለና፣ «እመት፣ የመጨረሻ ቃልሽን ስጪኝ። አቻ ይበቃናል?» አላት።

«ይበቃናል» አለች፤ ዞራም አላየችው።

በምድቡ ቀይ ለባሾቹና አረንጓዴ ለባሾቹ ከላይ ያሉትን ሁለት ቦታዎች ይዘዋቸዋል። ከታች የቀሩት እነሱና ነጭ ለባሾቹ ናቸው፤ ሁለቱም አራት አራት ነጥብ። ዛሬ የመጨረሻው ጨዋታ፣ በአገራቸው ሜዳ፣ ከነጮቹ ጋር። የእነሱ የግብ ክፍያ ሦስት ዕዳ፣ የነጮቹ ስድስት ዕዳ። አቻ ከወጡ አምስት እኩል ይሆናሉና በግብ ክፍያ ሦስተኛ እነሱ ናቸው። ነጮቹ በመጀመሪያው ጨዋታ በራሳቸው ሜዳ ሁለት ለአንድ አሸንፈዋቸው ነበር፤ ያንን ግን የፈረደበት ጨዋታ ብለው ረስተውታል።

ትንሽ ቆይቶ አምበሏ ጉልበቷን በጨርቅ ጠቅልላ ገባች። የጸሐፊዋ የእህት ልጅ ናት፤ እናቷ ስትሞት ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት ይቺው አክስቷ ናት። ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቷታል። ጉልበቷ ሁለቴ ተቀዷል፤ ሐኪሙ ከዚህ ወቅት በላይ አልፈርምልሽም ብሏታል። እሷም አንድ ነገር ብቻ ነው የተመኘችው።

«ቡድኑን ከላይ ነው የተቀበልኩት፣ ከላይ ላስረክብ» አለች፣ ጫማዋን እያሰረች። «ዛሬ ሦስተኛ ከወጣን ሁለቷን የደርሶ መልስ ጨዋታ በአንድ እግሬም ቢሆን እጨርሳለሁ። አውርጄው መሄድ ግን ሞቴ ነው። አይደል አክስቴ?»

«አይዞሽ፣ አትወርዱም» አለቻት ጸሐፊዋ። «ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ምንም እንዳታገቡ፣ ምንም እንዳይገባባችሁ።»

አምበሏ ሳቀች። «ምንም እንዳናገባ? እንዲህ ያለ ምክር ከሰው ሰምቼ አላውቅም።»

ጨዋታው ተጀመረ። ጸሐፊዋ የተቀመጠችው ከተጠባባቂዎቹ ወንበር በላይ፣ ለቡድን ሠራተኞች በተለየው ረድፍ ላይ ነው። ከጎኗ የነጮቹ ጸሐፊ ተቀምጧል፤ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ብስኩት ከኪሱ እያወጣ የሚቆረጥም ዝምተኛ ሽማግሌ። በየስብሰባው ስለሚተዋወቁ በተሰባበረ ቋንቋ ሰላምታ ተለዋወጡ።

የመጀመሪያው አጋማሽ ባዶ ለባዶ አለቀ። ከዕረፍት መልስም ያው ነው። ልጆቿ ኳሷን ወደ ኋላ ይመልሳሉ፣ በረኛዋ አቅፋ ትተኛባታለች፣ ተነስታ ቀስ ብላ ትወረውራለች። ጸሐፊዋ ደስ አላት። የተባሉትን ነው የሚያደርጉት።

ሰባኛው ደቂቃ ላይ ግን አንድ ነገር ቆረቆራት። የነጮቹ በረኛም ኳሷን አቅፋ ተኝታለች። ተነሳችና የጫማዋን ክር ፈትታ ማሰር ጀመረች። ተከላካዮቹ ኳሷን እርስ በርስ ይቀባበላሉ፤ ወደ ፊት የሚሄድ የለም። አንዷ ልትቀየር ስትወጣ እጇን እያውለበለበች፣ እየተንቀራፈፈች ወጣች። ተመልካቹ ያፏጫል። ሃያ ሁለት ሴት ሜዳ ውስጥ ቆማ ሰዓት የምትገድል ይመስል ነበር።

«እነዚህ ሰዎች ነክቷቸዋል እንዴ?» አለች ለራሷ። «ሊወርዱ እኮ ነው። የሚወርድ ሰው ክር ያስራል?»

በጣቶቿ ቆጠረች። አራት ሲደመር አንድ፣ አምስት። አራት ሲደመር አንድ፣ አምስት። ሦስት ዕዳ፣ ስድስት ዕዳ። ልክ ነው። እንደገና ቆጠረች፤ አሁንም ልክ ነው። ታዲያ ሁለቱም ወገን በአቻ ደስ ካለው፣ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው። የትኛው? ቀስ ብላ ወደ ሽማግሌው ዞረች። ሰውዬው እግሩን አነባብሮ ብስኩቱን ይቆረጥማል። ፊቱ ላይ ጭንቀት የሚባል ነገር የለም።

«ለምን አታጠቁም?» አለችው።

ጥያቄው አስገረመው። «ለምን እናጠቃለን? አቻ ይበቃናል።»

«ለእናንተ?»

«ለእኛ። እኔ ደግሞ እናንተን እያየሁ ግራ ገብቶኛል። ለምን አታጠቁም?» አለና ብስኩቱን ወደ እሷ ዘረጋላት።

ብስኩቱን አልተቀበለችም። መጽሐፉን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ከሠላሳ በኋላ ያሉት ገጾች ገና ተጣብቀው ነበር፣ በጥፍሯ አላቀቀቻቸው። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ገጽ አርባ ሁለትን በጣቱ አሳያት። እኩል ነጥብ ያላቸው ቡድኖች ደረጃ በቅድሚያ የሚለየው እርስ በርስ በተጫወቷቸው ጨዋታዎች ባገኙት ነጥብ ነው ይላል። የግብ ክፍያ የሚመጣው ከሱ ሁሉ በኋላ፣ አራተኛው መስመር ላይ ነው። እርስ በርስ ደግሞ ነጮቹ ያሸነፉበት ያ የፈረደበት ሁለት ለአንድ አለ።

ክው ብላ ቀረች። ደንቡ አልተደበቀባትም፤ በትልቅ ፊደል ቁጭ ብሎ ሲጠብቃት ነበር። የቆረጠችው መቀስ፣ ያጣበቀችው ፕላስተር፣ ያ ያማረ ፊደሏ ዓይኗ ላይ መጡ። አሥራ አንድ ዓመት «እመት ደንቡ» ስትባል ኖራ፣ ልጇን በገዛ እጇ ልታወርዳት ነው። አንድ አፍታ ዝም ማለትም አማራት፤ ምናልባት በዕድል አንድ ጎል ይገባ ይሆናል፣ ማንም ሳያውቅ ያልፍላት ይሆናል ብላ። ከዚያ ራሷን ተጸየፈችና ደረጃውን እየተንደረደረች ወረደች።

ሰዓቱ ሰማንያ አንድ ይላል። ከታች ጥበቃው አንገቷ ላይ ያለውን መታወቂያ ቀለም አይቶ በክንዱ አገዳት፤ በዚህ ቀለም ሜዳ ጠርዝ አይገባም። ለመነችው። አሰልጣኙን ጠራችው፤ ከፉጨቱ የተነሳ አልሰማትም። በዚህ መሀል ኳሷ ወደ እነሱ ወጣችና አምበሏ የእጅ ውርወራውን ልትወረውር እፊቷ መጣች። በመካከላቸው አጥሩ ብቻ ነበር።

«ልጄ፣ አቻ አይበቃም!»

አምበሏ ኳሷን እንደያዘች ዞረች። «ምን?»

«አቻ ከወጣን ወረድን። ማሸነፍ አለብን።»

«ይበቃናል ያልሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።»

አምበሏ አክስቷን አየቻት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከአፏ ሰምታው አታውቅም። ኳሷን ወደ ፊት፣ ወደ ነጮቹ ጎል ወረወረችና ጉልበቷን እየጎተተች ተከተለቻት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ለመናገር ያስቸግራል፤ ያልተደናገረ አልነበረም። አሰልጣኙ መጀመሪያ አምበሏን «ወዴት ነው?» ብሎ ጮኸባት፤ ስትነግረው ራሱን ይዞ ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። ተከላካዮቹ ግማሾቹ ሮጡ፣ ግማሾቹ ቆሙ። ነጮቹ ሰዎቹ በድንገት ምን ነካቸው ብለው ደነገጡና ወደ አሰልጣኛቸው ዞረው በእጃቸው ይጠይቁ ጀመር። ሽማግሌው እንኳ የራሱን መጽሐፍ ገልጦ ገጽ አርባ ሁለትን በጥርጣሬ ደግሞ አነበበው። ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ የአምበሏ ምት የግቡን አግዳሚ መትቶ ተመለሰ።

ያልሰማችው አንዷ ብቻ ነበረች፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለችው በረኛቸው። ጓደኞቿ ሲያብዱ ከሩቅ አይታ ተገርማለች፤ እሷ ግን በተነገራት ጸናች። በጭማሪው ሦስተኛ ደቂቃ ኳሷ እጇ ገባች። አምበሏ ከመሀል ሜዳ ሁለት እጇን እያራገበች «ቶሎ ወዲህ!» ብላ ትጮኻለች። በረኛዋ ሰላምታ መስሏት አውራ ጣቷን ቀሰረችላት፤ ከዚያ ኳሷን አቅፋ ተኛችባት። ዳኛዋ የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋች።

በረኛዋ ተንበርክካ መሬቱን ሳመች። ተነስታ እየዘለለች መጣችና ያገኘቻትን ሁሉ አቀፈች፤ የምታቅፋቸው ሁሉ ለምን እንደሚያለቅሱ አልገባትም። በወዲያ በኩል ነጮቹም ይዘላሉ። ተመልካቹ ማን እንዳሸነፈ ስላላወቀ ለሁለቱም አጨበጨበ።

ልጆቹ አንድ በአንድ መልበሻ ክፍል ገቡ። ጸሐፊዋ ገባችና ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ላጠችው፤ ፕላስተሩ ላይ ለሁለት ተገነጠለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «የአሰልጣኙም፣ የበረኛዋም አይደለም። መጽሐፉን ሳላነብ ነው የነገርኳችሁ። የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ነገ አስገባለሁ።» በረኛዋ ያኔ ነው የገባት፤ ፎጣውን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች።

አምበሏ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን እየፈታች ነበር። ጉልበቷ አብጧል። ጨርቁን እስከ መጨረሻው ከፈታች በኋላ ቀና አለች።

«አክስቴ፣ ከታችኛው ሊግ ወደ ላይ የሚመለሰው ስንተኛ የወጣው ነው?»

«አንደኛ በቀጥታ፣ ሁለተኛ ደግሞ…» ጸሐፊዋ አቋረጠች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

ልብስ ያዡ ማሊያ መሰብሰቡን ተወ። ሁሉም አዩዋት። ጸሐፊዋ ክንዷ ሥር የያዘችውን መጽሐፍ አየችው።

«አላውቅም» አለች።

አምበሏ የፈታችውን ጨርቅ ከወለሉ አነሳችና ጉልበቷ ላይ እንደገና መጠቅለል ጀመረች። «እንግዲያው ተቀመጪና አንብቢልን» አለች። «የምታውቂውን ሳይሆን የተጻፈውን።»

ጸሐፊዋ ከጎኗ ተቀመጠች፣ መነጽሯን አደረገች፣ መጽሐፉንም ከገጽ አንድ ጀመረች።