ጓንጉል የተቀመጠበት ገና

በጃንሆይ ጊዜ፣ የሰቆጣ ትምህርት ቤት ቆርቆሮ በለበሰበት ዓመት ነው። ያን ጊዜ የገና ጨዋታ ጨዋታ ነበር። የዛሬ ልጆች የተነፋ ጎማ እያባረሩ፣ ትንሽ የተነኩ እንደሆን መሬት ላይ ተንከባለው ያለቅሳሉ። ያን ጊዜ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ወንድ ሁሉ ቆልማማ ዱላውን ይዞ ሜዳ ይወርዳል። በዱላ የምትመታዋ ኳስ፣ ሩሯ፣ ከወይራ ጉጥ የተጠረበች ናት፤ ቁርጭምጭሚት ካገኘች ታስነባለች። ማን ጥርሱን፣ ማን የጣቱን ጥፍር እዚያ ትቶ ይመለሳል። ከዚያ እያነከሰ ጥሩሐረግ ዘንድ ይሄዳል።

ጥሩሐረግ ወጌሻ ናት። ከጎረቤት ወረዳ ከዝቋላ ሳይቀር በቃሬዛ ተሸክመው ያመጡላት ነበር። የወለቀውን ትመልሳለች፣ የተሰበረውን በሸንበቆ ታስራለች፣ ወለም ያለውን በለጋ ቅቤ ታሻለች። ከእጇ ይልቅ ግን ምላሷ ይፈራ ነበር። ባሏ ካሳ ደግሞ የታች ሰፈር አበጋዝ ነው፤ ጨዋታውን የሚመራው እሱ ነው።

ታች ሰፈር አራት ዓመት ሙሉ ተሸንፏል። ምክንያቱ አንድ ሰው ነው፤ የላይ ሰፈሩ ጓንጉል። አባቱን ቀብሮ እናቱንና ሁለት እህቶቹን በአንድ ጥማድ በሬ የሚያሳድር ጎበዝ ነው። ሩሯን አንዴ ከመታት የት እንደወደቀች የሚያይ የለም።

በዚያ ገና ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ ጓንጉል ከሁለት የታች ሰፈር ሰዎች ጋር ተላትሞ ወደቀ። ሲነሳ ቀኝ ክንዱ እንደ ባዶ ስልቻ ተንጠልጥሏል። ጥሩሐረግ ከሴቶቹ መሃል ብድግ አለች።

«ጥሩሐረግ! ተቀመጪ!» አለ ካሳ ከሜዳው ላይ። «ጀንበር ስትጠልቅ ታይዋለሽ።»

«ጀንበር እስክትጠልቅ ያብጥና ድንጋይ ይሆናል። ያኔ አንተው መልሰዋ!»

«እሱ ከተነሳ ዘንድሮም ተሸነፍን ማለት ነው!»

«ተሸነፋ። እኔ ዱላ አልያዝኩም።»

ሄዳ ከጓንጉል ጎን መሬት ላይ ተቀመጠች። ተረከዟን ብብቱ ሥር ሰካች፣ የእጁን አንጓ በሁለት እጇ ያዘች። ልጁ ጥርሱን ነክሶ፣ ሰውነቱን እንደ ግንድ አድርቋል። ሥጋ ካልላላ አጥንት ወደ ቤቱ አይገባም፤ ይህን ከእናቷ ተምራዋለች። የማላሊያውን ዘዴ ግን ራሷ ነበር ያገኘችው።

«አንተ፣ ዘንድሮም ሚስት አላገኘህም አሉ?» አለችው።

«እትዬ፣ በማርያም ይተዉኝ፣ አሁን ይሄ…»

«ጋዝጊብላ ድረስ ሽማግሌ ልከህ አባትየው እምቢ አለ አሉ።»

«እምቢ አላለም! አስብበታለሁ ነው ያለው።»

«ተው እንጂ! ‹አፍንጫው ቀድሞ ደርሷል፣ ልጁ መቼ ነው የሚመጣው?› ብሏል አሉ።»

ዙሪያውን የከበበው ሰው፣ የላዩም የታቹም፣ በሳቅ ፈረሰ። ጓንጉል ተናዶ ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ትከሻው ላላ። ያኔ ሳበችው። ቋ! አለ።

«ገባ» አለች። «አፍንጫህንስ እኔም አልችለው።»

መቀነቷን ፈትታ ክንዱን ከደረቱ ጋር ጠፍራ አሰረችው። ልጁ ወዲያው ቀለል ሲለው ለመነሳት ተንጠራራ።

«ዱላዬን አቀብሉኝ!»

«የምን ዱላ? ጅማትህ አሁን እንደ ራሰ ክር ነው። ዛሬ ዱላ ከወነጨፍክበት መውለቅ ይለምዳል። በሚያዝያ እርፍ ስትጨብጥ በሬዎቹ ፊት ይወልቅልሃል። ትቀመጣለህ!»

ይኼኔ የላይ ሰፈሩ አበጋዝ ገብረ ኪዳን ሰዉን ገፍቶ መጣ። ጢሙ የሸበተ፣ የተከበረ ሰው ነው።

«የካሳ ሚስት!» አለ። «ያዳንሽ መስለሽ አሰርሽልን፣ አይደል? ለባልሽ ብለሽ!»

ከኋላው ያለው ሁሉ ተንጫጫ። ጥሩሐረግ ብዙ ተሰድባለች፣ ብዙ ተሳድባለች፤ በእጇ ግን ማንም መጥቶባት አያውቅም። መጀመሪያ በአፍ መፍቻዋ በኽምጥኛ አንድ ነገር አጉረመረመች፣ ከዚያ በአማርኛ ቀጠለች።

«አያ ገብረ ኪዳን፣ ቋጠሮው ይኸውልዎ። እርስዎ ይፍቱት። ብቻ እዚህ ሰው ፊት ‹የዚህን ልጅ ማሳ እኔ አርሳለሁ፣ እናቱንም እኔ እጦራለሁ› ብለው ይፍቱት።»

ገብረ ኪዳን እጁን ወደ ቋጠሮው ሰደደ። ከዚያ መልሶ ጢሙን አከከበት። ጓንጉል ሁሉንም አየ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

ታች ሰፈር አሸነፈ። ምን ዋጋ አለው? «ካሳ ሆይ፣ ሚስትህ አሸነፈችልህ!» እያሉ ሳቁበት። እሱም እስከ ጥምቀት ድረስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በላ። «ግድግዳው ያጉርስህ» ትለዋለች። የላይ ሰፈር ሰውም እያነከሰ ዋለ እንጂ ደጇን አልረገጠም። የታመመ ሲጠፋ ቤቷ ጭር አለ፤ ያን ጭርታ ለማንም አልተናገረችም።

ጓንጉል ብቻ በየማለዳው ይመጣ ነበር። ትከሻውን በቅቤ ታሸዋለች። ማጅራቱ ሲደርቅበት ደግሞ በምላጭ ነካ ነካ አድርጋ፣ የላም ቀንድ ደፍታ በዋግምት የረጋውን ደም ትስባለች።

«እትዬ» አላት አንድ ቀን። «ሰዎቹ ሽባ ታደርግሃለች ይሉኛል።»

እጇ ቆመ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔማ ይኸው መጣሁ።»

«እንግዲያው አትንቀሳቀስ» አለችው፤ ድምጿ ግን እንደ ወትሮው አልተቆጣም።

ሚያዝያ ሲገባ፣ በላይ ሰፈር በኩል የምትሄድበት ጉዳይ ሳይኖራት በዚያ በኩል ሄደች። ጓንጉል እያረሰ ነው። ገብረ ኪዳን ድንበሩ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያየዋል። ልጁ ጅራፉን በቀኝ እጁ ከፍ አድርጎ አጮኸው። በሬዎቹ ሳቡ፤ ትከሻው ቦታው ላይ ነው። ትልሙ እስኪያልቅ ቆማ አየች።

«ክርንህን ዝቅ አድርግ፣ አንተ!» ብላ ጮኸችበት።

ገብረ ኪዳን ዞሮ አያት። ድንጋዩን ተደግፎ በመከራ ተነሳ።

«ደህና ዋልሽ ጥሩሐረግ» አለ። ከገና ወዲህ የመጀመሪያ ሰላምታው ነው። «ይቺ ጉልበቴ… መቼ ልምጣ?»

«ነገ ማለዳ» አለች፣ መንገዷን ሳታቆም። «ቅቤ ግን ይዘው ይምጡ፤ የእኔን ያ ልጅ ጨርሶታል።»