በባሕር በኩል ያለው ጥግ

ከእንግዲህ ይህን ቤት ከሥሩ ማን ሊያነሣው ነው?

ኦቲልያ ይህንኑ ስታሰላስል የምትልጣት ድንች ከእጇ አመለጠች። ወድቃም አልቀረች፤ በለቀስተኞቹ እግር መካከል እየተንከባለለች፣ የጸሎት መሪዋን የእማማ ክሎሪንዳን ጫማ ነክታ አልፋ፣ በባሕር በኩል ካለው ግድግዳ ሥር ሄዳ ቆመች። ሁሉም አያት። ማቴ የሚሉት የቅጠል ሻይ ተሞልቶበት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የነበረው ቅልም ባለበት ቀረ።

«እንዴት ትሮጣለች እናንተ! ጀልባ ያመለጣት ይመስል» አለ ጎረቤቷ ባውዲልዮ። ማንሾካሾኩ ነበር፤ ግን ጆሮው ከደከመ ወዲህ ሹክሹክታው ደጅ ድረስ ይሰማል።

ልጇ ቤላርሚኖ ድንቿን አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። እዚያ አልተንከባለለችም። ከቀብር በተመለሱ ማግስት ቤላርሚኖ በጠረጴዛው እግር ሥር ስስ የእንጨት ስንጣሪ ሸጉጦ ነበር።

«አየሽ እማዬ፣ እሱ እንኳ ተስተካክሏል።»

«ጠረጴዛው መች ታመመና ነው?» አለች።

ቤቱ ግማሹ የብስ ላይ፣ ግማሹ ባሕር ላይ ነው የቆመው። ባሕሩ ሲሞላ ከወለሉ ሥር ይገባል፤ ሲሸሽ ጭቃውንና ዛጎሉን ትቶ ይሄዳል። ምሰሶዎቹ ይህን ችለው ይኖራሉ። እንጨት ናቸውና ግን ያብጣሉ፣ ይኮማተራሉ፣ ትል ይበላቸዋል። ለዚህ ነው በየምሰሶው አናትና በወለሉ ተሸካሚ መካከል ሽብልቅ የሚገባው፤ ሉማ ከሚሉት ብረት አከል እንጨት የተጠረበ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ አንዱ ከወዲህ ሌላው ከወዲያ ፊት ለፊት የሚመታ። ክረምት በመጣ ቁጥር ባሏ ኤራስሞ መዶሻውን ይዞ ይወርድ ነበር። ዘንድሮ ሳንባው አላስወርደው አለ። ክረምቱ ሳይጠብቀው ገባ፤ እሱም ሄደ።

አሁን በሩ አይገጥምም። ነፋሱ በክፍተቱ እየገባ በኤራስሞ ፎቶግራፍ ፊት የበራውን ሻማ ያጠፋል። ኦቲልያ መስጋት ልማዷ ነው፤ የለቀስተኛው ልጆች በደረጃው ይወድቃሉ ብላ ትሰጋለች፣ ቤላርሚኖ እርጥብ ካልሲውን አላወለቀም ብላ ትሰጋለች፣ የበጉ ሾርባ ጨው አነሰው ብላ ትሰጋለች። ከሁሉ የባሰባት ግን ጨረቃዋ ናት። ዛሬ ትሞላለች፤ ሲመሽ ትልቁ ሙላት ይመጣል። በዚያ ላይ የሰሜኑ ነፋስ ከተጨመረበት የላላው ሽብልቅ ተነቅሎ ይሄዳል፤ ከዚያ ጥጉ… ከዚያ ወዲያ ያለውን አታስበውም።

«ባሕሩ ሲሸሽ አንድ ሰው ይውረድልኝ» አለች ድንገት። «ሳይመለስ ጥጉ መነሣት አለበት።»

ክሎሪንዳ መቁጠሪያዋን ጨበጥ አድርጋ አቆመች። «እትዬ ኦቲልያ! በለቅሶ ቤት መዶሻ? የዘጠኙ ቀን ጸሎት ሳያልቅ? ነፍሱ እኮ ገና ቤቱን እየዞረች ነው። የሬሳ ሣጥኑን እንደገና የሚመቱባት ይመስላታል።»

እውነት ነው፤ በዚህ ደሴት ሰው በሞተበት ቤት ጸሎቱ ሳያልቅ ሚስማር አይመታም፣ እንጨት አይፈለጥም። ማገዶ እንኳ ከጎረቤት ተፈልጦ ነው የሚመጣው።

«አያስፈልግም እማማ ክሎሪንዳ» አለ ቤላርሚኖ። «ጸሎቱ እንዳለቀ እማዬን ይዣት እሄዳለሁ። ፖርቶ ሞንት ከተማ ያለው ቤቴ ሲሚንቶ ነው፤ አይነቃነቅም።»

«መቃብርም አይነቃነቅም» አለች ኦቲልያ።

ባውዲልዮ ሳቁን በባርኔጣው አፈነ።

«አትቀልጂ እማዬ። ቤቱ ሊወድቅ ነው።»

«አልወደቀም፤ አጎነበሰ እንጂ። እኔም አጎንብሻለሁ፤ ልትጥለኝ ነው?»

«ልጄ፣ በሞቴ ተዋት» አለ ባውዲልዮ ቅሉን እየተቀበለ። «እናትህን ከዚህ ቤት ማስወጣት ለአባትህም አልሆነለት።»

«አባዬ ደግሞ መቼ ሊያስወጣት ሞከረ?»

«ይሄ ቤት ከማዶ ደሴት ለምን የተሻገረ ይመስልሃል?»

«እንጨቱ ጥሩ ስለሆነ ነዋ። ራሱ ነው የነገረኝ።»

«እንጨቱ!» አለች ኦቲልያ። «ኩራቱ ነው እንደዚያ የሚያስብለው። እንጨቱማ ያኔም ትል የጀማመረው ነበር።»

የእናቷን ሐዘን ገና ሳታወጣ ነበር ኤራስሞ ላግባሽ ያላት። ከእናቴ ቤት አልወጣም አለችው። እሱ ሳቀና ጀልባው ላይ ወጥቶ ሄደ። አኮረፈ ብላ ስታለቅስ ሰነበተች። ሲመለስ ግን ብቻውን አልነበረም፤ የሁለት መንደር ሰው ከነበሬው ለደቦ አስከትሎ መጣ። «አንቺ ካልወጣሽ ቤቱ ይውጣ!» አለና ሽብልቆቹን በመዶሻ እያወለቀ ቤቱን ከምሰሶዎቹ አላቀቀው። ከሥሩ ግንድ አነጠፉለት፤ በሬዎቹ ጎትተው ባሕሩ ዳር አደረሱት፤ ውሃው ሲሞላ በርሜል አስረውበት በጀልባ እስከዚህ ደሴት ሳቡት። እሷ ውስጥ ነበረች። ውረጂ ቢሏት እምቢ ብላ፣ እሳት የሌለበት ምድጃ ታቅፋ፣ በወለሉ ስንጥቅ የሚገባውን ውሃ እያየች ስትንቀጠቀጥ፣ ዳር የቆመው ሰው «ሙሽሪትን ከነማጀቷ!» እያለ ይጮኻል።

እዚህ ሲያቆሙት አንዱ ጥግ ዝቅ አለ፤ በባሕር በኩል ያለው። ኤራስሞ ከሥሩ ገባና ወደ ላይ ተጣራ። «ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ሙዪና ጠረጴዛው ላይ አኑሪው! ውሃው እኩል ሲተኛ ንገሪኝ!» ከታች ይመታል፤ ከላይ ታያለች።

«ተኛ?»

«ገና ነው!»

«አሁንስ?»

«ትንሽ ቀረው! ቀስ በል፣ እጅህን እንዳትመታው!»

«እጄን ተዪውና ውሃውን እዪ!»

ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ እንደዚሁ ነበር። ከአንድ ወለል በላይና በታች ሆነው ሲጯጯሁ አረጁ።

ኦቲልያ ተርካ ጨረሰች። የባውዲልዮ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ በሬዎቹን በስም እየጠራ ነበር።

«እና እኔን እንዳያስከፋ ብሎ ቤት በባሕር ያሻገረ ሰው ሞተ ብዬ፣ ቤቱን ለባሕር ትቼ ልሻገር?» አለች። «አላደርገውም! ማንም የማይወርድ ከሆነ ራሴ እወርዳለሁ። ጉልበቴም ይሰበር፣ ድንጋዩም ያንሸራትተኝ!»

«ጸሎቱ እስኪያልቅ እንኳ እትዬ…» አለች ክሎሪንዳ። «ነፍሱ ትደነግጣለች።»

«ኤራስሞ? መዶሻ ሰምቶ? ለእሱስ የሚያስደነግጠው ይሄ ዝምታችን ነው!»

ክሎሪንዳ መቁጠሪያዋን ወደ ጭኗ መለሰች።

ኦቲልያ ወገቧን ይዛ ጎንበስ አለች። ቤላርሚኖ በጠረጴዛው እግር ሥር የሸጎጠውን ስንጣሪ ስባ አወጣችና ምድጃው ውስጥ ጣለችው። ጠረጴዛው ተንቋቋና ከወለሉ ጋር አብሮ ዘመመ። ድንቿ እንደገና ተንከባላ ወደቀች፤ ማንም አላነሣትም። ኦቲልያ ነጩን ጎድጓዳ ሳህን አወረደች፣ ውሃ ሞላችበት፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ውሃው ወደ ባሕሩ በኩል ተሰብስቦ የሳህኑ ከንፈር ላይ ደረሰ። ወንበሯን ሳበች፤ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ አጠበቀች፤ በየክረምቱ እንደምትቀመጠው ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ይቀጥሉ እማማ ክሎሪንዳ። ጸሎቱ መዶሻ አይከለክልም።»

ውጭ ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። የጭቃው ሽታ በማይገጥመው በር እየገባ ነው። ኦቲልያ ውሃውን ታያለች፤ ከሥሯ ግን የሚጣራ የለም።

ቤላርሚኖ ሳህኑን ሲያይ ቆየ። ልጅ ሳለ ከዚህ ጠረጴዛ ሥር ተኝቶ፣ ጆሮውን ወለሉ ላይ ለጥፎ የአባቱን መዶሻ ይሰማ ነበር። ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለ። ከምድጃው ጀርባ የተሰቀለውን መዶሻ አወረደ፤ እጀታው በአንድ ሰው መዳፍ ጠቁሮ ነበር። ከእሱ ጋር በሲባጎ የታሰሩ ጥንድ ሽብልቆች አብረው ወረዱ፤ ኤራስሞ አልጋ ላይ ሆኖ የጠረባቸው ናቸው፤ የተጠረበው ፊታቸው እንኳ ገና አልጠቆረም። ቤላርሚኖ በአውራ ጣቱ ስለታቸውን ዳሰሰና ብብቱ ሥር ያዛቸው።

ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ካልሲህ እርጥብ ነው፣ እጅህን እንዳትመታው፤ ይህ ሁሉ ኦቲልያ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችውና ዐይኗን ውሃው ላይ ተከለች።

ልጇ በሩን በትከሻው ገፍቶ ወጣና ወደ ምሰሶዎቹ ወረደ።