የቅርብ ጭነት

እሁድ ምሳ ተበልቶ ሳህን ሲነሳ ሹፌሩ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈ፤ ጉሮሮውን ጠረገና «ከእንግዲህ የማድረው እቤቴ ነው» ሲል አስታወቀ።

ሚስቱ ሳህኖቹን እንደያዘች ደርቃ ቆመች። ሲነሳ መርዶ ወይም ሹመት መስሏት ነበር።

«ማን ከለከለህ?» አለችው።

የከለከለውስ መንገዱ ነው። ዕድሜውን የፈጀው በገዛ መኪናው የሰው ጭነት ከዳር ዳር ሲያመላልስ ነው። ትንሿ ልጁ ከመንገድ ሲመለስ «ይቀመጡ» እያለች አንቱ ማለት ከጀመረች ቆይታለች። አሁን ግን የሚስቱ ወንድም የቅርብ ሥራ አግኝቶለታል፤ ተራራው ላይ ካለው ካባ የተጠረበ ድንጋይ ጭኖ ታች ወዳለው ማከማቻ ማውረድ። ጠዋት ወጥቶ ማታ መግባት፣ በቃ።

የሚስቱ ወንድም ደላላ ነው። ሰፈሩ «ምን ችግር አለ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ሌላ ነገር ሲናገር የሰማው የለማ።

«ጋሼ፣ እንደ ቢሮ ሠራተኛ ነው የምትኖረው» አለው። «የራስህ ትራስ፣ የራስህ ሽንት ቤት። ምን ችግር አለ?»

ሹፌሩ ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። የሩቁ መንገድ ጎማ ይበላል፤ የቅርቡ ፍሪሲዮን ይበላል። በሩቁ ከመኪናህ ጋር ብቻህን ነህ፤ በቅርቡ ወረፋ ላይ ቆመህ የሰው ወሬ ስትሰማ ትውላለህ። መኪናዋ ደግሞ ቤቱም ጡረታውም እሷው ናት። እሷ ከሄደች በእጁ የሚቀረው መንጃ ፈቃዱና የወገብ ሕመሙ ነው።

ለጠየቀው ሁሉ ግን «ለልጆቼ ስል ነው» ይላል። ያልተናገረው፣ ባለፈው ጉዞ መሪው ላይ እንቅልፍ ጥሎት ሲነቃ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ የሰው እርሻ መሀል ቆማ ማግኘቱን ነው። ከመኪናዋ ግንባር ላይ ገለባውን ለቅማ የጣለችው ሚስቱም ያየችውን አልተናገረችም። እሱ «ለልጆቼ» ሲል እሷ «እውነትህን ነው» ትላለች። ሲዋደዱ ኖረዋል።

ለሙከራ የወጡት በማለዳ ነው። «ሥራህን ልየው» ብላ ሚስቱም ተነሳች፤ ጉልበቷን ከማርሹ ሸሸት አድርጋ መሀል ተቀመጠች። ደላላው በመስኮቱ በኩል ተደላደለ።

ባዶዋን መኪና ዳገቱ አልከበዳትም። አንድ ኩርባ ላይ ሲደርሱ ግን ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። በመንገዱ ጠርዝ ያለው ግንብ ከላይም ከታችም አርጅቶ ጥቁርቁር ብሏል፤ መሀሉ ላይ ግን ያልደረቀ እስኪመስል አዲስ ነው።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው የታደሰው?»

«ለውበት ነው» አለ ደላላው።

«እዚህ ጋ ብቻ?»

«ከአንድ ቦታ ይጀመራላ እንግዲህ።»

የካባው ኃላፊ መንጃ ፈቃድ አላየም፤ ስለ ፍሬንም አልጠየቀም። የመኪናዋን ጎማዎች እንኳ ዞሮ አላየም።

«ቤተሰብ አለህ?» አለ።

«እቺ ባለቤቴ ናት፤ እሱ ወንድሟ ነው።»

«ጥሩ፤ ቅርብ ናቸው።»

ሹፌሩ ይህን መልስ አልወደደውም። «ከእኔ በፊት የነበረው ምን ሆነ?»

«ለቀቀ።»

«መኪናውስ?»

ኃላፊው ትንሽ አሰበ። «አብረው ነው የለቀቁት።»

ሹፌርና ሹፌር ሲገናኝ ወጉ መዘላለፍ ነው፤ ጎማህ ተመልጧል፣ መኪናህን ከሙዚየም ነው ያወጣሃት፣ ምናምን። ወረፋ የያዙት እነዚህ ግን ታማሚ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ በአንድ ጨበጡት። አንዱ ሽማግሌ እጁን ይዞ ቆየና «አይዞህ» አለው።

«ምን ሆንኩና ነው አይዞህ የሚለኝ?» አለ ሹፌሩ ሰውየው ራቅ ሲል።

«አዲስ ሰው ይወዳሉ» አለ ደላላው።

ድንጋዩ ሲጫን መኪናዋ ቁጭ አለች፤ ባሌስትራዋ አቃሰተ። ከቁልቁለቱ አፍ ላይ ተራቸውን ጠበቁ። ከፊታቸው ያለው መኪና በአንደኛ ማርሽ መውረድ ሲጀምር በሹፌሩ በኩል ያለው በር በደንብ አልተዘጋም ነበር። የእኛ ሰው ጡሩምባ ነፋለት። ያኛው በክፍተቱ እጁን አውጥቶ አመሰገነና በሩን እንደገረበበ ትቶት ወረደ። ቀጥሎ የወረደውም በሩ ገርበብ ያለ ነው።

«ምን ሆነው ነው በር ከፍተው የሚነዱት?»

«ለአየር ነው። ይሞቃል እዚህ» አለ ደላላው።

ሚስቱ ሹራቧን እስከ አገጯ ሳበች። የሦስቱም ትንፋሽ በመስታወቱ ላይ ጉም ሠርቷል።

ተራቸው ደረሰ።

«ጥሩ ሥራ ነው» አለች ሚስቱ ፊት ለፊቷን እያየች።

«ማታ ማታ ከልጆቼ ጋር» አለ ሹፌሩ።

«ታዲያ ምን ችግር አለ!» አለ ወንድሟ።

እንዲህ በአንድ ቃል ሆነው ቁልቁለቱን ጀመሩት። ጭነቱ ከኋላ ይገፋል፤ ሞተሩ ማርሹን ነክሶ ይጮኻል። ሹፌሩ ፍሬኑን ረገጥ ሲያደርገው እግሩ ከወትሮው ጠለቅ ብሎ ወረደ።

በቀኝ በኩል ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማ። ደላላው የመንገዱን ስፋት ማመስገኑን ሳያቋርጥ በሩን ከቁልፉ አላቅቆ በሁለት ጣቱ ይዞታል። ሹፌሩ ሊቆጣው አፉን ከፈተ። ከዚያ የራሱን ግራ እጅ አየው። የበሩ እጀታ ላይ ነው። መቼ እንደሄደ አያውቅም፤ በሩም ተከፍቶ ብርዱ በክርኑ ሥር ይገባል።

ሚስቱ ወደ ቀኝ ዞራ የወንድሟን ጣቶች አየች። ወደ ግራ ዞራ የባሏን እጅ አየች። ጎንበስ ብላ የእጅ ፍሬኑን ጨምድዳ ሳበችው።

አየሩ ፉሽሽ ብሎ ወጣ። መኪናዋ ተንገጫገጨች፤ ድንጋዩ አንዴ ወደ ፊት ተንሸራቶ የጭነት ሳጥኑን ስፖንዳ መታ፤ ከዚያ ሁሉም ቀጥ አለ።

አቧራው ሲበርድ ደላላው መንገዱ ዳር ቆሟል፤ አንዱ ጫማው የለም። ሹፌሩ አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ፣ ወገቡን ከወንበሩ ውጪ አገኘው። ጋቢናው ውስጥ የቀረችው ሚስቱ ብቻ ነበረች፤ እጇን ከፍሬኑ ሳታነሳ ፊት ለፊቷን ትመለከታለች።